ጫማ ሳይሰቀል የሚጀመር ሥራ፦ ከተጫዋችነት ወደ ትልቅ አሰልጣኝነት

ብዙ ተጫዋች አሰልጣኝነት ትዝ የሚለው ጉልበቱ እምቢ ሲለው ነው። የመጨረሻው ውል ያልቃል፣ የወኪሉ ስልክ ይጠፋል፣ ከዚያ «እንግዲህ ላሰልጥን» ይላል። ያን ጊዜም ቢሆን ይቻላል። ችግሩ፣ አብሮት ሜዳ ላይ ሲሮጥ የነበረው ሌላው ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት ጀምሮት ርቆ መሄዱ ነው።

ይህን የምጽፈው ገና እየተጫወታችሁ ላላችሁና ጫማ ከሰቀላችሁ ብዙ ላልቆያችሁ ነው። ለመፍጠን ያህል «አንተ» እያልኩ እቀጥላለሁ፣ ለእህቶቻችንም ነገሩ ያው ነው። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገርህ። ስምህ ሥራ ያስገኝልሃል፣ ሥራውን ግን አይሠራልህም። ስለዚህ ከስምህ ዝቅ ያለ ወንበር ፈልግ፣ ካሜራ በማይደርስበት ቦታ ተሳሳት፣ ትልቁ ክለብ ሲደውል ዋና ዋና ስህተቶችህን ጨርሰህ ጠብቀው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህ እንዴት እንደሚደረግ ነው።

መጫወትህ ምን ሰጠህ?

ትልቁ ነገር መልበሻ ክፍሉን ማወቅህ ነው። ተጠባባቂው በሦስተኛው ሳምንት ምን እንደሚያስብ ታውቃለህ። ከሽንፈት በኋላ አውቶቡስ ውስጥ ማን እንደሚስቅ፣ ለምን እንደሚስቅም ታውቃለህ። አሰልጣኝ «ሁላችሁም እኩል ናችሁ» ሲል ተጫዋቹ በልቡ ምን እንደሚል ያንተን ያህል የሚያውቅ የለም። ይህን የትኛውም ኮርስ አያስተምርም።

የጎደለህም አለ። ሜዳውን ለዓመታት ያየኸው ከአንድ ቦታ ነው። አጥቂ ከነበርክ ኳሷ ከኋላ እንዴት ተመሥርታ እንደመጣች ግድ አልነበረህም፣ መምጣቷ ነው ቁም ነገሩ። የመስመር ተከላካይ ከነበርክ ግማሹን ሜዳ ዞረህም አይተኸው አታውቅ ይሆናል። አማካዮች እዚህ ላይ ትንሽ ይቀናቸዋል። በአሰልጣኝነት ስም ያወጡት ጓርዲዮላ፣ አንቼሎቲ፣ ሲሞኒ፣ አርቴታ፣ ዣቢ አሎንሶ፣ ሁሉም ሲጫወቱ መሀል ሜዳ ላይ የቆሙ ነበሩ። ሕግ ግን አይደለም። ፈርጉሰን አጥቂ ነበር፣ ክሎፕም በአጥቂነት ጀምሮ በኋላ ወደ ተከላካይነት የተመለሰ ሰው ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ይብሳል። ጎበዝ ተጫዋች ጉብዝናው እንዴት እንደሚሠራ ራሱም አያውቀውም። እግሩ ያውቃል፣ አፉ አያውቅም። አንድ የ16 ዓመት ልጅ «ተጋጣሚ ከኋላዬ እየመጣ እንዴት ነው ዞሬ የምወጣው?» ብሎ ሲጠይቅህ «ዝም ብለህ ዙር» ካልከው አላሠለጠንከውም። ነገሩን መበታተን አለብህ። ኳሷ ከጓደኛው እግር ሳትወጣ በፊት ወደ ኋላ አንዴ ማየት። ኳሷ በመንገድ ላይ እያለች ደግሞ ማየት። ሰውነትን በጎን መክፈት። በሩቁ እግር መቀበል። ተጋጣሚው ከተጠጋ በአንድ ንክኪ መመለስ፣ ከራቀ መዞር። አየህ፣ አንተ በአንድ ሰከንድ የምታደርገው ነገር አምስት ትምህርት ሆነ። ስለዚህ የመጀመሪያው የቤት ሥራህ ይኼ ነው፦ ሜዳ ላይ ከሁሉ የምትችለውን አንድ ነገር ምረጥና ምንም ለማያውቅ ልጅ በጽሑፍ አስረዳው። ካቃተህ አትደንግጥ፣ ሁሉንም ያቅታል። ግን እስኪሆንልህ አትተው።

ገና እየተጫወትክ

ደብተር ያዝ። ከልምምድ በኋላ ሻወር ወስደህ ከመሄድህ በፊት 10 ደቂቃ ቁጭ በል። ዛሬ ምን ሠራን? ስንት ለስንት ነበርን? ሜዳው ምን ያህል ጠበበ? አንዱ ዙር ስንት ደቂቃ ፈጀ? አሰልጣኙ የት ቦታ ላይ አስቆመን፣ ምንስ አለ? ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የምትጽፈው ያልገባህን ነው። «ዛሬ ይህን ለምን እንደሠራን አላወቅኩም» የሚል መስመር በኋላ ወርቅ ነው፣ ምክንያቱም አንተ ያልገባህን ነገር ነገ ያንተ ተጫዋቾችም አይገባቸውም።

ከዚያ ጥያቄ አብዛ። ዋናውን አሰልጣኝ አታድክመው፣ ጊዜ የለውም። ምክትሉን፣ የግብ ጠባቂዎቹን አሰልጣኝ፣ የቪዲዮ ተንታኙን ያዝ። ተንታኙ ክፍል ገብቶ አብሮት የሚቀመጥ ተጫዋች ብርቅ ስለሆነበት ደስ ብሎት ያሳይሃል።

የመጨረሻ ውልህን የምትፈርምበት ምክንያትም ይለይ። ጓርዲዮላ በተጫዋችነቱ ማብቂያ ላይ ሜክሲኮ ዶራዶስ ደ ሲናሎአ የሚባል ክለብ ገባ። የሄደው ሁዋን ማኑኤል ሊዮ የሚባለው አሰልጣኝ ሥር ለመጫወት ነው። በ2006 ጫማ ሲሰቅል ደግሞ አርጀንቲና ድረስ ሄዶ ከአሰልጣኙ ማርሴሎ ቢዬልሳ ጋር ለረጅም ሰዓታት ስለ ኳስ ብቻ አወራ። ያን ጊዜ የያዘው ቡድን አልነበረም። ሊዮ ከብዙ ዓመት በኋላ ማንቸስተር ሲቲ መጥቶ ምክትሉ ሆነ። እና ከሁለት ክለብ ጥያቄ ከመጣልህ፣ የገንዘቡ ልዩነት ቤተሰብህን የማይጎዳ እስከሆነ ድረስ፣ ልትማርበት የምትችለውን አሰልጣኝ ምረጥ።

የክፍል ትምህርት ለማይጠላም መንገድ አለ። ቪንሰንት ኮምፓኒ የሲቲ አምበል እያለ ማንቸስተር ውስጥ የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርሱን ጨርሷል። ሳሪና ቪግማን ከኳሱ ጎን ለጎን የትምህርት ቤት ስፖርት መምህር ነበረች፣ በኋላ ከኔዘርላንድስ ጋር በ2017፣ ከእንግሊዝ ጋር በ2022 እና በ2025 የአውሮፓ ዋንጫን አንስታለች። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ 30 የሚረብሹ ልጆችን ዝም ያሰኘ ሰው መልበሻ ክፍል አይከብደውም ብዬ አምናለሁ።

ጉዳት ከሜዳ ካወጣህ ደግሞ ጊዜውን በሐዘን አትጨርሰው። ናግልስማን በ20 ዓመቱ ጉዳት መጫወት ሲያስቆመው፣ አውግስቡርግ ሁለተኛ ቡድን ውስጥ ለአሰልጣኙ ለቱኸል ተጋጣሚዎችን እየተከታተለ ሪፖርት ያመጣ ጀመር። በ28 ዓመቱ የሆፈንሃይም ዋና አሰልጣኝ ሆነ።

ላይሰንሱ

የአሰልጣኝነት ፈቃድ ላይ አቋራጭ የለም፣ ያለ እየመሰላቸው የተቸገሩ ግን ብዙ ናቸው። በአውሮፓ መሰላሉ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እና ፕሮ ነው። የዩኤፋ ዝቅተኛ የትምህርት ሰዓት ለሲ 60፣ ለቢ 120፣ ለኤ 180፣ ለፕሮ 360 ነው። በአፍሪካ ካፍ ከዲ ይጀምርና እስከ ፕሮ ይወጣል። በየመሀሉ ቡድን ይዘህ እየሠራህ መቆየት ስላለብህ ነገሩ በሰዓት ተደምሮ አያልቅም፣ ዓመታት ይበላል። ለዚህ ነው ገና እየተጫወትክ ጀምር የምለው። ረጅም ዘመን በከፍተኛ ሊግ ለተጫወቱ የሚፈጥን ኮርስ የሚያዘጋጁ ፌዴሬሽኖች አሉ፣ የራስህን ፌዴሬሽን ጠይቅ። ቦታ ከጠፋም ሌላ አገር ሞክር። አርቴታ ስፔናዊ ሆኖ ላይሰንሱን የሠራው ከዌልስ እግር ኳስ ማኅበር ጋር ነው።

ችላ ብትለው ምን ይመጣል? ዚዳን በ2014 የሪያል ማድሪድን ሁለተኛ ቡድን ካስቲያን ሲይዝ የሚፈለገውን ላይሰንስ አላሟላም ተብሎ የሦስት ወር ቅጣት ተጣለበት። ቅጣቱ በኋላ ታገደ እንጂ ስሙ ለሳምንታት የጋዜጣ መጫወቻ ሆኖ ነበር። ዊል ስቲል የፈረንሳዩን ክለብ ሬምስን በ2022 ሲረከብ ደግሞ ፕሮ ላይሰንስ ስላልነበረው ክለቡ በእያንዳንዱ ጨዋታ 25,000 ዩሮ ይቀጣ ነበር። ክለቡ ወዶ ከፈለ። ላንተ የሚከፍል ክለብ መኖሩን ግን እርግጠኛ አትሁን።

በተግባር ፈተናው ላይ የቀድሞ ተጫዋቾችን የሚጥላቸው አብዛኛውን ጊዜ ወሬ ነው። ርዕስ ይሰጥሃል፣ ተጫዋቾች ይሰጡሃል፣ መምህሩ ዳር ቆሞ ይጽፋል። አንተ ልጆቹን አስቁመህ ስለ ድሮ ጨዋታህ ማውራት ትጀምራለህ። ወይ ደግሞ ኳሷ እግርህ ስር ስትመጣ ራስህ ትጫወታለህ። ሁለቱንም ተው። ከኮርሱ የምትወስደው ሌላው ሀብት አብረውህ የሚማሩት ሰዎች ናቸው። ነገ ምክትል ስትፈልግ የምትደውለው ለእነሱ ነው።

የመጀመሪያው ወንበር

ብዙው ሰው የሚበላሸው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ዣቢ አሎንሶ የዓለም ዋንጫና ሁለት ሻምፒዮንስ ሊግ ያነሳ ሰው ነው። በ2017 ጫማ ሰቀለ። የመጀመሪያ ሥራው የሪያል ማድሪድ ከ14 ዓመት በታች ልጆች ነበሩ። ከዚያ የሪያል ሶሲዳድን ሁለተኛ ቡድን ሦስት ዓመት ያዘ፣ በ2021 ወደ ሁለተኛው ሊግ አሳደገው፣ በቀጣዩ ዓመት ይኸው ቡድን ተመልሶ ወረደ። መውረዱን ማን ያስታውሳል? ማንም። በኦክቶበር 2022 ሌቨርኩሰንን ሲረከብ ክለቡ ከመጨረሻው ሁለተኛ ነበር፣ በ2024 ቡንደስሊጋውን ያለ አንድ ሽንፈት ወሰደ። ያ የወረደ ዓመት በትልቅ ክለብ ላይ ደርሶ ቢሆን ሌቨርኩሰን የሚባል ምዕራፍ ባልኖረ ነበር።

ጓርዲዮላም ከባርሴሎና ሁለተኛ ቡድን ጋር በአራተኛው የስፔን እርከን ነው የጀመረው። አንድ ዓመት ሠርቶ ቡድኑን አሳደገ፣ በ2008 ዋናውን ተረከበ። ፈርጉሰን በ1974 በ32 ዓመቱ ኢስት ስተርሊንግሻየርን ሲይዝ ቡድኑ ግብ ጠባቂ እንኳ አልነበረውም። ኡናይ ኤምሪ ሎርካ ውስጥ ጉልበቱ ሲጎዳ እዚያው ቡድኑን ተረከበና ወደ ሁለተኛው ሊግ አሳደገው። ሶንያ ቦምፓስቶር ከሊዮን ጋር የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግን ሁለቴ በተጫዋችነት ወስዳ በ2013 ስታቆም፣ የክለቡን የታዳጊዎች አካዳሚ እስከ 2021 መራች። ዋናውን ቡድን ከያዘች በኋላ በ2022 ያንኑ ዋንጫ በአሰልጣኝነት አነሳች።

አሁን ሌላውን ወገን እይ። ጋሪ ኔቪል በእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ምክትል ነበር፣ በቴሌቪዥን ትንታኔው ደግሞ አፍ ያስከፍታል። በዲሴምበር 2015 በአንድ ጊዜ የቫሌንሲያ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ከዚያ በፊት ዋና አሰልጣኝ ሆኖ አያውቅም፣ ስፓኒሽ አይናገርም። በኮፓ ዴል ሬይ በባርሴሎና 7 ለ 0 ተሸነፈ፣ በ28 ጨዋታ ሥራው አለቀ። ከዚያ ወዲህ ወደ አሰልጣኝነት አልተመለሰም። ሄንሪ በሞናኮ ከኦክቶበር 2018 እስከ ጃንዋሪ 2019 ብቻ ነው የቆየው። ፒርሎን ጁቬንቱስ በ2020 ከ23 ዓመት በታች ቡድኑን እንዲይዝ ሾመው፣ በቀናት ውስጥ ዋናውን ቡድን ሰጠው፣ ከአንድ የውድድር ዓመት በኋላ አሰናበተው። በፒርሎ ላይ የሚቀለደው ቀልድ አይጥመኝም፣ በዚያው ዓመት የጣሊያን ዋንጫንና ሱፐር ካፑን አንስቷል። ግን የ23 ዓመት በታቹን ቡድን ሁለት ዓመት ቢይዝ ኖሮ እላለሁ ሁሌ።

«ሲሞኒስ?» ትለኛለህ። እውነት ነው፣ በ2006 ራሲንግ ላይ መጫወት አቁሞ ወዲያው እዚያው አሰልጣኝ ሆነ። አትሌቲኮ ማድሪድን የያዘው ግን በዲሴምበር 2011 ነው። በመሀሉ ኤስቱዲያንቴስን፣ ሪቨር ፕሌትን፣ ሳን ሎሬንዞን፣ ካታንያን፣ እንደገና ራሲንግን ዞሯል። ክሎፕም በ2001 ማይንዝ ላይ ከተጫዋችነት በአንድ ሌሊት አሰልጣኝ ሆነ፣ ያ ቡድን ግን በሁለተኛው ሊግ ወራጅ ቀጠና ውስጥ የነበረና ከእሱ መትረፍን ብቻ የሚጠብቅ ነበር።

ታዲያ የቱን ልምረጥ ካልከኝ፣ ለአብዛኛው ሰው ከ15 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው የምመክረው። ዕድሜያቸው ለታክቲክ ይበቃል፣ ስምህ ግን ብዙም አያፈዛቸውም፣ ካልገባቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። ምክትልነትም ጥሩ ነው፣ አንድ ነገር በኃላፊነት ከተሰጠህ። አርቴታ ጓርዲዮላ ሥር ሦስት ዓመት ተኩል ሲቆይ ከተጫዋቾች ጋር በግል እየሠራ ነበር። አንተ ግን ኮን ለመሰብሰብና ከዋናው ጎን ፎቶ ለመነሳት ብቻ ከሆነ የተጠራኸው፣ ዓመቱን ውሃ በላው በለው። ከመፈረምህ በፊት «የእኔ ሥራ የቱ ነው? የቆመ ኳስ? መከላከል? የተጋጣሚ ጥናት?» ብለህ ጠይቅ።

ምክትል ስትሆን ደግሞ ዋና የምትሆንበትን ቀን አስበህ ተዘጋጅ፣ ቀኑ ሳይናገር ነው የሚመጣው። ኤመርስ ፋዬ በጃንዋሪ 2024 የአፍሪካ ዋንጫ መሀል ላይ፣ አይቮሪኮስት በኢኳቶሪያል ጊኒ 4 ለ 0 ተሸንፋ ዋናው አሰልጣኝ ሲሄድ፣ ቡድኑን ተረክቦ ዋንጫውን አንስቷል።

አንድ ልምምድ እንዴት ይሠራል?

አዲስ አሰልጣኝ ማታ ኢንተርኔት ላይ ያየውን ልምምድ ጠዋት ያሠራል። ደስ ይላል፣ ኮኖቹ ያምራሉ፣ ግን ከቡድኑ ችግር ጋር አይገናኝም። አንተ ካለፈው ጨዋታ አንድ ቅጽበት ይዘህ ተነሳ። እንበል ግብ ጠባቂህ ኳስ ይዟል፣ ተጋጣሚ ከፍ ብሎ ይጫናል፣ ሁለቱ የመሀል ተከላካዮች ተዘግተዋል፣ ስድስት ቁጥሩ፣ ማለትም ከተከላካዮቹ ፊት የሚቆመው አማካይ፣ ፊቱን ወደ ራሱ ግብ አዙሮ ጀርባውን ለተጋጣሚ ሰጥቶ ተቀበለና ተነጠቀ፣ ግብ ሆነ።

ይህንን ቅጽበት ሜዳ ላይ መልሰህ ፍጠረው። ግማሽ ሜዳ። አንድ ግብ ጠባቂ፣ አራት ተከላካይ፣ ሦስት አማካይ። ከፊታቸው ስድስት የሚጫኑ። የሚመሠርቱት ከመሀል መስመሩ ላይ ባሉ ሁለት ትንንሽ ግቦች ያስቆጥራሉ፣ የሚጫኑት ኳስ ከነጠቁ በቀጥታ ወደ ትልቁ ግብ። አራት ደቂቃ ሥራ፣ ሁለት ደቂቃ ዕረፍት፣ አራት ዙር። በቃ።

በአንድ ዙር ከአንዴ በላይ አታስቁም። ፊሽካ ስትነፋ ሁሉም ባለበት ይቁም፣ ወዲያው ወደ ስድስት ቁጥሩ ሄደህ «ከመቀበልህ በፊት ምን አየህ?» በለው። መልሱን አንተ አትንገረው፣ ጠብቅ። «ምንም አላየሁም» ካለ ችግሩ ዓይኑ ላይ ነው። «ሰውየውን አይቼዋለሁ፣ ግን የምሰጠው አጣሁ» ካለ ችግሩ እሱ ዘንድ የለም፣ ያልተንቀሳቀሰው የመስመር ተከላካይ ዘንድ ነው። አንዱን ልጅ አምስት ሜትር አንቀሳቅስ፣ ኳሷን መልስ፣ አስቀጥል። ይህ ሁሉ ከ30 ሰከንድ ማለፍ የለበትም፣ ላብ ደርቆ ጡንቻ ከቀዘቀዘ የልምምዱ ነፍስ ወጣ ማለት ነው።

የጨዋታ መሀል ዕረፍትም እንዲሁ ነው። በወረቀት 15 ደቂቃ ነው። መልበሻ ክፍል እስኪደረስ፣ ውሃ እስኪጠጣ፣ የተጎዳው እስኪታይ፣ ንዴቱ እስኪበርድ ግማሹ ይሄዳል፣ ደግሞ ለመውጣት ጊዜ ያስፈልጋል። ላንተ የሚተርፍህ አምስት ስድስት ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ከረዳቶችህ ጋር ኮሪደር ላይ ተነጋገር፣ ተጫዋቾቹ ይተንፍሱ። ከዚያ ግባና ሁለት ነገር ብቻ ተናገር፣ አንዱ ኳስ ስንይዝ፣ ሌላው ኳስ ስናጣ። ሰባት ነገር የነገርካቸው ቡድን አንዱንም ይዞ አይወጣም።

ትናንት ጓደኛህ፣ ዛሬ ተጫዋችህ

የተጫወትክበትን ክለብ ከያዝክ ይህ አይቀርልህም። አብረኸው አንድ ክፍል ያደርክ ልጅ ቋሚ አሰላለፍ ውስጥ የለም፣ የሚነግረው ደግሞ አንተ ነህ። በምክትል አታስነግረው። ዝርዝሩ ከመለጠፉ በፊት፣ ለብቻው፣ ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ፣ አንድ ምክንያት ይዘህ ንገረው። «ያው ታውቃለህ እኮ፣ እኔም ተቸግሬ ነው» አትበል፣ ያንተን ችግር የሚሸከም ትከሻ ያን ቀን የለውም። ቢቆጣ ይቆጣ። ማታ ደውለህ አታባብለው፣ በማግስቱ ልምምድ ላይ ግን እንደ ሌላው አሠራው።

የድሮው የተጫዋቾች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ካለህ ዛሬውኑ ውጣ። ሲቀልዱብህ ላለማየት ብቻ አይደለም፣ እነሱም የሚያሙህ ቦታ ያስፈልጋቸዋል።

ሐሳብህና ሰዎችህ

የራስህ አጨዋወት ሊኖርህ ይገባል፣ ያለሱ ሳምንቱን በሙሉ ተጋጣሚ ይመራሃል። ግን አትጋባው። አንቼሎቲ በጣሊያን ብሔራዊ ቡድን የአሰልጣኙ የሳኪ ረዳት ሆኖ የተማረውን 4-4-2 ይዞ ፓርማ ላይ ግትር ነበር። ሮቤርቶ ባጆ ሊመጣ ሲል ከአጥቂው ጀርባ መጫወት ስለፈለገ፣ አንቼሎቲ አሰላለፉን አልቀይርም ብሎ ዝውውሩ ቀረ። በኋላ ራሱ ተጸጽቶበታል። ሚላን ሲገባ ግን ፒርሎን ወደ ኋላ አውርዶ፣ ያሉትን ባለተሰጥኦዎች የሚያስገባ አሰላለፍ ሠራላቸው። በአሰልጣኝነት አምስት ሻምፒዮንስ ሊግ ያነሳው ያ ሁለተኛው አንቼሎቲ ነው።

ረዳት ስትመርጥ ያንተን ቦታ የተጫወተ ጓደኛህን አትውሰድ፣ አንተ የምታውቀውን ነው የሚያውቀው። አጥቂ ከነበርክ መከላከልን የሚያስተምር ፈልግ። ከተንታኙ 40 ገጽ ሪፖርት አትቀበል፣ ተጫዋቾቹ ዘንድ የሚደርሱት ሦስት አጫጭር ቪዲዮዎች ናቸው። እና ከረዳቶችህ ቢያንስ አንዱ ፊትህ ላይ «ተሳስተሃል» ማለት የሚችል ይሁን።

ቋንቋም ሥራ ነው። ጓርዲዮላ ባየርን ሙኒክ ሲገባ የመጀመሪያውን መግለጫ በጀርመንኛ ሰጠ። ሰዋስው መሳቱ ማንንም አልገደደውም።

ትልቁ ስልክ ሲመጣ

ትልልቅ ክለቦች የሚደውሉት ብዙ ጊዜ ሲቃጠሉ ነው። ስለዚህ «እሺ» ከማለትህ በፊት የምትጠይቃቸው አሉ። ተጫዋች የሚገዛው ማን ነው፣ እኔ እምቢ ማለት እችላለሁ ወይ? ረዳቶቼን ይዤ እመጣለሁ ወይ? የዚህ ዓመት ስኬት በናንተ ዓይን ምንድን ነው፣ በጽሑፍ ይሰፍራል ወይ? ብትሰናበት የሚከፈልህ ስንት ነው፣ ለረዳቶችህስ? የመጨረሻዋን ብዙዎች ይረሷታል። አንተ ስትባረር አብረውህ የሚባረሩት ረዳቶችህ ናቸው፣ ቤት ኪራይ ያለባቸውም እነሱ ናቸው።

የቡድኑን ዝርዝርም ከአጨዋወትህ ጋር አስተያይ። የመሀል ተከላካዮቹ ሁለቱም ከ33 ዓመት በላይ ሆነው አንተ መስመርህን መሀል ሜዳ ላይ ማስቆም ከፈለግክ፣ ወይ ሐሳብህን ለአንድ ዓመት ታስቀምጣለህ ወይ ሥራውን አትይዝም። መቸኮል የለብህም። ጄራርድ ሬንጀርስን በ2021 ያለ ሽንፈት የሊግ ሻምፒዮን አድርጎ አስቶን ቪላ ገባ፣ እዚያ ግን ዓመት ሳይሞላው ተሰናበተ። በሌላ በኩል ኮምፓኒ በ2024 ከበርንሊ ጋር ወርዶም ባየርን ጠራው፣ በቀጣዩ ዓመትም ቡንደስሊጋውን አነሳ። በርንሊን በ101 ነጥብ ሲያሳድግ የተጫወተው ኳስ በቪዲዮ አለ፣ የሚቀጥር ሰው ያንንም ያያል።

ስንብቱ ደግሞ ይመጣል። የማይመጣባቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የመጀመሪያውን ሳምንት ስልክህን ዝጋና ተኛ። ከዚያ ደብተሩን አውጣና ስንቱ ሽንፈት ከሐሳብህ፣ ስንቱ ከአፈጻጸም፣ ስንቱ ከቡድኑ አቅም እንደመጣ ለይ፣ ለራስህ ብቻ ስለሆነ አትዋሽ። የሌላ አሰልጣኝ ልምምድ ለማየት ሁለት ሦስት ክለብ ጠይቅ፣ ሥራ የሌለው አሰልጣኝ ስለማያሰጋቸው ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። የቴሌቪዥን ትንታኔ ከጠሩህም ሂድ፣ ጨዋታ በሥርዓት እንድታይ ያስገድድሃል። ብቻ የቀድሞ ተጫዋቾችህን እዚያ አትዝለፍ፣ ቀጣዩ መልበሻ ክፍል ይሰማሃል።

አንድ ተራ የምትመስል ነገር ደግሞ አለች። የክለቡ ላፕቶፕ የክለቡ ነው። ስንብቱ የሚነገርህ ጠዋት ከሆነ ከሰዓት የይለፍ ቃልህ አይሠራም። ራስህ የጻፍካቸውን የልምምድ ዕቅዶች በየሳምንቱ መጨረሻ በግልህ ማስቀመጫ ላይ ገልብጥ፣ ሲቀጥሩህም ይህ እንዲፈቀድልህ ውሉ ላይ አስገባ።